የእንጀራ ጢስና የጡት ነቀርሳ

ባለፈው ወር በአንዱ እሑድ፣ ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝበ ክርስቲያኑ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ሁለት ልጆቻቸውን በትምህርት ቤት የማስተምርላቸው አንዲት እናት ከዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ከጥዱ ጥላ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ አንገታቸው መልሰው ለብሰዋል። ወላጅ እናታቸውን በጡት ነቀርሳ ከቀበሩ ሁለት ወር መሆኑን አውቅ ነበር፤ በአርባው ተዝካር ላይም ተገኝቼ ነበር።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉኝ። «ጢስ የጡት ነቀርሳ ያመጣል ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሁሉ ከምጣድ ሥር አልተለየችም። ለእኛ ጋገረች፤ ለሰንበቴው ጋገረች፤ ለማኅበሩ ጋገረች፤ በሰፈሩ ተዝካር በተደገሰ ቍጥር የምትጠራው እርሷ ነበረች። እንግዲህ የገደልናት እኛ ነን ማለት ነው?»

የምመልሰው ቃል ወዲያው አላገኘሁም። «ኧረ አይደለም» ብሎ ማጽናናት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ያልመረመሩትን ነገር በርግጠኝነት መናገር፣ ለማጽናናትም ቢሆን፣ ከሐሰት አይርቅም። ስለዚህ የአንድ ወር ጊዜ ለመንኋቸው፤ ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነውና መልሱን በዚህ ዓምድ ብጽፈው ይፈቅዱ እንደ ሆነም ጠየቅኋቸው። ስማቸው እንዳይጠራ ብቻ አደራ ብለው ፈቀዱልኝ።

ውድ አንባብያን፣ የእኒህ እናት ጥያቄ አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጢስ በእውነት የጡት ነቀርሳ ያመጣልን? የሚል ነው፤ ይህን የሚመልሱት ሐኪሞችና ሊቃውንት ናቸው። ሁለተኛው፣ በደለኛው ማን ነው? የሚል ነው፤ ይህን ሐኪም አይመልሰውም። ሁለቱ ሲደባለቁ ሰው ያለ በደሉ ይጨነቃል፤ ስለዚህ በየተራቸው እንመልከታቸው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። በቋንቋችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል የማይዛመዱ ሁለት ደዌዎችን ይጠራል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ብዙ ጊዜ ቲቢን ማለታችን ነው፤ እርሱም ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ በሚተላለፍ ተሐዋሲ የሚመጣ ነው። «የጡት ነቀርሳ» ስንል ግን ሐኪሞች ካንሰር የሚሉትን ማለታችን ነው፤ እርሱ ከማንም ወደ ማንም አይተላለፍም። በዚህ በስም መመሳሰል ምክንያት የታመመች እናት መጠጫዋ ተለይቶ፣ የልጅ ልጆቿ ከጕልበቷ እንዳይቀመጡ የተከለከሉበት ቤት አውቃለሁ። ከሕመሙ ይልቅ ያ ነገር እንደ ጐዳት ራሷ ነግራኛለች።

ሰውነታችን ዐይን በማያያቸው እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ መቼ እንዲከፈል፣ መቼም እንዲያቆም የሚያዝዘው ሥርዐት በውስጡ ተጽፎለታል። ይህ ጽሕፈት በአንድ ምክንያት ሲበላሽና ሕዋሱ ያለ ትእዛዝ መባዛት ሲጀምር ያ ካንሰር ይባላል። ጽሕፈቱን ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ጥላሸት መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ዘመኑ ሩቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1775 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፣ በሐዋርያው በቅዱስ በርተሎሜዎስ ስም በሚጠራው ሆስፒታል፣ ፐርሲቫል ፖት የሚባል ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ነበረ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የድሆች ልጆች ገና በሕፃንነታቸው በጠባቡ የጢስ መውጫ ውስጥ እየተንጠላጠሉ ጥቀርሻውን እንዲጠርጉ ይደረግ ነበር። ፖት እነዚህ ልጆች አድገው ጐልማሶች ሲሆኑ በኀፍረተ ሥጋቸው ቆዳ ላይ ነቀርሳ እንደሚወጣባቸው አስተዋለ፤ ምክንያቱም በቆዳቸው እጥፋት ተጣብቆ የቀረው ጥላሸት እንደ ሆነ ጻፈ። አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ፤ ጥላሸቱ የተጣበቀው በሕፃንነት ነው፣ ነቀርሳው የታየው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በመካከል ያለው ዘመን ጸጥ ያለ ነው።

ከ140 ዓመት በኋላ፣ በ1915 ዓ.ም.፣ በቶኪዮ ያማጊዋና ኢቺካዋ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የድንጋይ ከሰል ቅጥራን በጥንቸሎች ጆሮ ላይ ለብዙ ወራት እየደጋገሙ ቀብተው ነቀርሳ ሲያወጣ አሳዩ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የለንደን ተመራማሪዎች ነቀርሳ አምጪውን ነገር ከዚያ ቅጥራን ነጥለው አወጡት፤ ስሙም ቤንዞፓይሪን ይባላል። ቤንዞፓይሪን በድንጋይ ከሰል ብቻ የሚገኝ አይደለም። እንጨትም ሆነ ቅጠል፣ ኩበትም ሆነ ትምባሆ፣ ናፍጣም ቢሆን፣ በሚገባ ሳይነድ ሲጤስ ይፈጠራል። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከምጣድ ሥር አስገብታ እፍ የምትል ሴት ይህንኑ ትተነፍሳለች ማለት ነው።

ከጢስ ውስጥ በዐይን የምናየው ጭጋግ ብቻ ነው፤ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። ሊቃውንቱ የሚመዝኑት ትቢያ፣ አንድ ሚሊሜትር በሺህ ቢከፈል፣ ከክፍሎቹ ሁለት ተኩል ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ውፍረት ያለውን ነው፤ አንዲት የራስ ጠጕር ከእርሱ ሠላሳ ጊዜ ያህል ትወፍራለች። ይህን ያህል የደቀቀ ትቢያ በአፍንጫ አይያዝም፤ እስከ ሳንባ መጨረሻ ይወርዳል፤ ከፊሉም የተሸከመውን ነገር ይዞ ከደም ጋራ ይቀላቀላል። ቤንዞፓይሪንና መሰሎቹ ደግሞ በውሃ የማይሟሙ፣ በስብ የሚሟሙ ናቸው፤ የጡት ሥጋ ብዙ ስብ አለው። ሰውነትም ይህን እንግዳ ነገር አሟሙቶ ለማስወጣት በሚደክምበት ጊዜ በመንገድ ላይ ይብስ የሚያጣብቅ ነገር ያደርገውና ከሕዋሱ ጽሕፈት ጋራ ይያያዛል። ከሚጤሰው ነገር ሌላው ደግሞ ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ልጅ ቅመም መስሎ ጡትን የሚያታልል አለው።

ኤስትሮጅንን ካነሣሁ አይቀር አንድ የቆየ ነገር ላስታውስ። በ1700 ዓ.ም. በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች ደዌ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በዚያ መጽሐፍ የጡት ነቀርሳ ከሌሎች ሴቶች ይልቅ በደናግል መነኮሳይያት ዘንድ እንደሚበዛ መዘገበ፤ ምክንያቱን ግን በሚገባ ሊያውቀው አልቻለም። ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል። መውለድና ማጥባት ጡትን በመጠኑ ይጠብቃሉ። በ2002 ዓ.ም. ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ፣ አንዲት እናት ለ12 ወራት ባጠባች ቍጥር የመታመም ዕድሏ በመቶ አራት ያህል እንደሚቀንስ ታየ። እናቶቻችን ሁለት ዓመት ሙሉ ማጥባታቸው እንግዲህ ለሕፃኑ ብቻ የተደረገ መልካም ነገር አልነበረም። (ይህን የጻፍሁት ምንኵስናን ለመንቀፍ እንዳይመስልብኝ፤ ይልቁንም በገዳማት ያሉ እናቶቻችን ከሁላችን በፊት ሊመረመሩ እንደሚገባ ለማሳሰብ ነው።)

አሁን ወደ ራሱ ወደ ጥያቄው እንምጣ። በአሜሪካ አገር ከ2003 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች ለአንድ ታላቅ ምርመራ ራሳቸውን ሰጡ። ሁሉም እኅታቸው በጡት ነቀርሳ የታመመችባቸው፣ እነርሱ ግን ያልታመሙ ነበሩ፤ ስለዚህም ምርመራው «የእኅቶች ጥናት» ተባለ። ለታመመች እኅት ፍቅር ሲባል ደምን፣ ጥፍርንና የቤትን ትቢያ ሳይቀር ለመርማሪ መስጠት፣ ይህ ነገር እኔን እጅግ ያስደንቀኛል። በ2017 ዓ.ም. ከዚህ ጥናት እንደ ታተመው፣ በቤታቸው ውስጥ ባለው የእሳት ምድጃ በሳምንት አንድ ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያነድዱ ሴቶች ምድጃ ከሌላቸው ይልቅ በመቶ 17 ያህል ከፍ ባለ መጠን ታመው ተገኙ። የእነዚያ ሴቶች ምድጃ ግን በልማድ የጢስ መውጫ ያለው፣ ቤት ለማሞቅ የሚነድድ መሆኑን አንዘንጋ።

በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው አገር ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ሃያ ዓመት ያህል የተከተለ ሌላ ጥናት ታተመ። በዚያ ዘመን ውስጥ ከነርሱ 15,870 በጡት ነቀርሳ ታመዋል። ተመራማሪዎቹ የመዘኑት ሴቶቹ በጥናቱ በገቡበት ጊዜ የነበረውን አየር ሳይሆን ከ10 እስከ 15 ዓመት አስቀድሞ በመኖሪያቸው ዙሪያ የነበረውን አየር ነው፤ የለንደኑን የጥላሸት ልጆች ያስታውሷል። ቀደም ብዬ የገለጽሁት ደቃቅ ትቢያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በ10 ማይክሮግራም በጨመረ ቍጥር ነቀርሳው በመቶ ስምንት ጨመረ። በዚያው ዓመት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በማድሪድ ጉባኤ ባቀረቡት ጥናት ጭማሪው በመቶ 28 ሆኖ ተገኝቷል። ቍጥሮቹ ይራራቃሉ፤ የሚያመለክቱት አቅጣጫ ግን አንድ ነው።

«በመቶ ስምንት» ሲባል ግን ከመቶ ሴቶች ስምንቱ በጢስ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ጋዜጦችና ሬዲዮኖች ይህን ሳያብራሩ ስለሚያልፉት ብዙ ሰው ያለ አገባብ ይደነግጣል። ተማሪዎቼን እንደማስተምራቸው በሒሳብ ላስረዳ። በአሜሪካ አገር ከመቶ ሴቶች 12 ወይም 13 የሚሆኑት በዕድሜያቸው ውስጥ በጡት ነቀርሳ ይያዛሉ። 12ን በመቶ ስምንት ብንጨምረው 13 ያህል ይሆናል። እንግዲህ አየሩ በዚያ መጠን ሲከፋ ከመቶው ሴቶች መካከል አንዲት ትጨመራለች ማለት ነው። ይህች አሥራ ሦስተኛዪቱ ማን ናት? በግንባሯ የተጻፈ ምልክት የለም፤ በአጕሊ መነጽርም ቢታይ የእርሷ ነቀርሳ ከአሥራ ሁለቱ ነቀርሳ አይለይም።

የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የውጭ አየር ብክለትን በ2013 ዓ.ም. በመጀመሪያው መደብ፣ ማለት ነቀርሳ አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠው ነገሮች ጋራ መደበው። በቤት ውስጥ የሚነድድ የእንጨት ጢስን ግን «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው በሁለተኛው መደብ አኑሮታል። ሁለቱም ፍርዶች በይበልጥ የተመሠረቱት በሳንባ ካንሰር ላይ ነው። ስለ ጡት የሚመሰክሩት ጥናቶች ከዚያ ወዲህ እየበዙ የመጡ ናቸው፤ ማስረጃቸው ጠንካራ ነው፣ እንደ ሳንባው ግን የመጨረሻ ፍርድ አልተሰጠበትም።

በአገራችንስ? ከሴቶች የካንሰር ዐይነቶች ሁሉ የጡቱ አንደኛ ነው፤ በ2020 ዓ.ም. ብቻ 16 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያት በአዲስ እንደ ታመሙ ተገምቷል። የዓለም የጤና ድርጅት በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም ትቢያ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የጢስ መውጫ በሌለው ማዕድ ቤት እንጀራ ሲጋገር ግን መጠኑ በመቶዎች፣ አንዳንድ ጊዜም በሺህ ይቈጠራል። ይህን የሚሰማ ሰው ወዲያው አባዝቶ የሚያስደነግጥ ቍጥር ሊያወጣ ይቃጣዋል። እንዲህ ማድረግ ግን አይገባም። ጢስ ዋነኛው ምክንያት ቢሆን ኖሮ የገጠር እናቶቻችን ከአሜሪካ ሴቶች አብልጠው በታመሙ ነበር፤ ነገር ግን የመዝገባችንን ጉድለት እንኳ ብናስብ ከነርሱ ያነሱ ናቸው። ቀድሞ መውለድ፣ ብዙ መውለድ፣ ረጅም ጊዜ ማጥባት ይረዷቸዋል። ጢስ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ዕድሜ፣ የዘር ውርስ፣ ውፍረት አሉ። የሚያሰክር መጠጥም አለ፤ ጠጅና አረቄ ሲጠጡ ሴቶቹም ከወንዶቹ እንዳያንሱ የሚደረግበት ማኅበር ካለ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

እንግዲህ ለእኒያ እናት የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ጢስ የጡት ነቀርሳን ዕድል ይጨምራል። ነገር ግን «የእናትዎን ነቀርሳ ያመጣው ጢሱ ነው» ብሎ የሚፈርድ ሐኪም በዓለም ላይ የለም፤ «ጢሱ አይደለም» ብሎ የሚፈርድም የለም። ስለ መቶ ሴቶች የሚታወቀው ነገር ስለ አንዲቱ አይታወቅም። ልጅ እናቷ የጋገረችላትን እንጀራ በመብላቷ አትከሰስም። እናትዎ ለሰንበቴው የጋገሩትም በፍቅር ያደረጉት ነው፤ ፍቅራቸውን ወደ ክስ መለወጥ እርሳቸውንም ማሳዘን ይሆናል።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን በእውነት የሚያስወቅሰን ነገር አለ፤ እርሱም ካወቅን በኋላ የምናደርገው ነው። ጢስ ስለ ጡት ያለው ክፋት ገና እየተመረመረ ቢሆንም፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ ልብና ስለ ሕፃናት ያለው ክፋት ግን ያለቀለት ነገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት የሞቱትን 3.2 ሚሊዮን አድርጎ ገምቷል፤ ከእነዚህም ከ200 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነበር። ስለዚህ ማዕድ ቤቱን ለማስተካከል የጡቱን ፍርድ መጠበቅ አያስፈልግም።

በእኛ ዘንድ ማዕድ ቤቱን የሚሠራው ወንድ ነው፤ ጢሱን የምትውጠው ሴት ናት። አናጢ ጠርቶ ለሳሎኑ ሁለት መስኮት የሚያስወጣ አባወራ ለማዕድ ቤቱ አንድ ቀዳዳ ይነፍገዋል። የራሳችንን ሰንበቴ ቤት ተመልከቱ፤ የምንበላበት አዳራሽ በምእመናን መዋጮ ቆርቆሮው ተለውጧል፣ ግድግዳው በቀለም ተቀብቷል። እናቶች የሚጋግሩበት ግን ከኋላው የተጠጋ፣ በሩ ብቻ ያለው ዳስ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ከዚያ የሚወጡት እናቶች ዐይናቸው ደም መስሎ ይታያል። ከነዚያ ተመጋቢዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ስበላ ወደ ዳሱ ገብቼ አላየሁም።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ኤሌክትሪክ ያለው ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይግዛ፤ ኤሌክትሪክ የሌለው ወይም የሚቋረጥበት ደግሞ ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በአገራችን የሚሠራው፣ «ምርጥ» የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ አለ። እሳቱን ከምጣዱ ሥር ከልሎ ስለሚይዘው እንጨቱን እስከ እኩሌታ ይቈጥባል፤ ጢሱንም ይቀንሳል። ሆኖም የጢስ መውጫ ካልተደረገለት የቀረው ጢስ በቤቱ ውስጥ ይቀራልና መውጫውን አብሮ ማሠራት ነው። እንጨቱን አስቀድሞ በፀሐይ ማድረቅ፣ በግድግዳው ራስ ትይዩ ሁለት ቀዳዳ ማስወጣት፣ ሕፃን አዝሎ አለመጋገር፣ ይህ ሁሉ ወጪ የለውም። ጢሱን ለመሸሽ ብሎ ከሰልን በተዘጋ ቤት ማንደድ ግን ሌላ ሞት ነው፤ የከሰል ጢስ ባይታይም በአንድ ሌሊት ቤተ ሰብ ይጨርሳል።

ስለ ዕጣን የሚጠይቀኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በዲቁናዬ ዘመን ለካህኑ ፍሕሙን በጽና እያሰናዳሁ ያደግሁ ነኝና ስለዚህ ነገር ያለ አክብሮት አልናገርም። በቤተ መቅደስ የሚያርገው ዕጣን መሥዋዕት ነው፤ ሕንፃውም ሰፊና ከፍ ያለ ነው፣ በሮቹም ይከፈታሉ። ነገር ግን በየቤታችን ቡና በተፈላ ቍጥር፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ በርና መስኮት ዘግተን በጠባብ ክፍል የምናጤሰው ዕጣን ከሌላው ጢስ አይለይም፤ ሙጫ በፍሕም ላይ ሲቃጠል ያው ደቃቅ ትቢያ፣ ያው ቤንዞፓይሪን ይወጣዋል። ጥቂት አጢሶ በር መክፈት ሥርዐት አያፈርስም። ከብርድ ልብስ ሥር ተከናንበው ስለሚሞቁት ስለ ወይባ ጢስም ይህንኑ እላለሁ።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ደረስሁ፤ እርሱም የጊዜ ነገር ነው። እኒያ እናት በተዝካሩ ማግስት እንደ ነገሩኝ፣ ወላጃቸው በጡታቸው ላይ ያለውን ጕብታ ለ14 ወራት ለማንም አልተናገሩም ነበር። አላመማቸውም፤ ስለዚህ በሽታ አልመሰላቸውም። ደግሞም ጡትን ለወንድ ሐኪም ማሳየትን አፈሩ። ሲነገር የነበረው ቍስሉ ከፈነዳ በኋላ ነው። ጕብታው ገና ታናሽ ሳለ ቢታይ ኖሮ የመዳን ተስፋቸው ብዙ እጥፍ በበለጠ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ዓ.ም. ባወጣው እቅድ፣ አንዲት ሴት ምልክት አይታ ወደ ሐኪም ከቀረበችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ ይጠይቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአበው ቃል ከዚህ የበለጠ የሚሠራበት ስፍራ አላውቅም።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። በጡት ውስጥ ወይም በብብት ሥር የሚዳሰስ፣ ብዙ ጊዜም የማያም ጕብታ፤ የጡት ቆዳ መጨማደድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፤ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፤ ከጡት ጫፍ ደም መውጣት፤ አንዱ ጡት ከሌላው ተለይቶ መልኩ መለወጥ። ጕብታ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው አይደለም፤ ይህን የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም። በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ ሴት ሐኪም ወይም ነርስ መጠየቅ ይቻላል። ለብዙ ዘመን በመላው አገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬ በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል።

ጠበል የሚጠመቁ እናቶች መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በብርቱ አሳስባለሁ። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሐኪም መሆኑ ከሐዋርያት ጋራ ከመሄድ አልከለከለውም። በሕክምና ላይ ሳሉ ጾም የሚመጣባቸውም ራሳቸውን ሳይጐዱ ከንስሐ አባታቸው ጋራ ይነጋገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም። ባሎችም ሚስቶቻቸው ይህን ምስጢር ሲነግሯቸው የሚመልሱት የመጀመሪያ ቃል «ነገ አብረን እንሄዳለን» ይሁን። «ምን አሳየሽ» ተብላ ዝም ያለች ሴት ሁለተኛ አትናገርም።

ይህን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመስደዴ በፊት ለእኒያ እናት በቤታቸው አነበብሁላቸው። ስለ አሥራ ሦስተኛዪቱ ሴት የሚናገረውን ክፍል ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው «እኔ ራሴስ መምህር? ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ከጎኗ ሁኜ እሳቱን እፍ የምለው እኔ ነበርሁ» አሉኝ። ዕድሜያቸው 41 ነው። እናቷ የታመመችባት ሴት የመታመም ዕድሏ ከሌላዪቱ እጥፍ ያህል እንደሚሆን ነገርኋቸው፤ እስከ ዛሬ ተመርምረው ያውቁ እንደ ሆነም ጠየቅኋቸው። አያውቁም ነበር። ለፊታችን ረቡዕ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ባለቤቴም ለራሷ እንድትመረመር አብራቸው ትሄዳለች። የሰንበቴው ሊቀ መንበር ደግሞ ከመጪው ወርኀዊ በዓል በፊት የዳሱን የኋላ ግድግዳ ለማስከፈትና ለሁለቱ ምድጃዎች የጢስ መውጫ ለማሠራት ቃል ሰጥተውኛል፤ ለቆርቆሮው መግዣ የጎደለውን ከተመጋቢዎቹ ወንዶች እየለመንሁ ነው።